የመስኮቱ ገመድ

ዓይናማ ሰው ድምፅ ሲሰጥ እጁን ወደ ላይ ያወጣል፤ ሌላው ዓይናማ ከሩቅ ሆኖ ይቆጥረዋል፤ አለቀ ደቀቀ። የዓይነ ስውራኑ ማኅበር ግን እንዲህ ያለውን ነገር ከተወ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው። ማኅበሩ በተቋቋመበት ዓመት አንድ ከመንግሥት ቢሮ የመጣ ታዛቢ "እጅ አውጡ" አላቸው፤ አወጡ። "ቆጠርኩ" አላቸው፤ አመኑ። ኋላ እርስ በርስ ሲጠያየቁ፣ እጄን አውጥቼ ነበር የሚለው ሰው ታዛቢው ቆጠርኩ ካለው በእጥፍ በልጦ ተገኘ። ጉድ እኮ ነው! የማኅበሩ መሥራች በዚያው ዕለት "ሁለተኛ በሰው ዓይን አንቆጠርም" ብሎ ማለና በማግስቱ ሁለት ረጃጅም ገመድ በትከሻው ተሸክሞ መጣ።

ገመዶቹ ስብሰባ ሲኖር ከአዳራሹ ጫፍ እስከ ጫፍ በደረት ቁመት ይወጠራሉ፤ አንዱ በግድግዳው በኩል፣ አንዱ በመስኮቱ በኩል። ያለው ይቀጥል የሚል የግድግዳውን ይይዛል፤ ይለወጥ የሚል የመስኮቱን። የትኛው የቱ እንደሆነ የሚጠይቅ የለም፤ በመስኮቱ በኩል ፀሐይዋ ጉንጭ ትነካለች። ሁሉም ቦታውን ከያዘ በኋላ ቆጣሪ ይነሳል፤ ከጫፍ ጀምሮ መዳፉን በእያንዳንዱ እጅ ላይ እያሳረፈ ቁጥሩን ጮክ ብሎ እየጠራ ይሄዳል። ምስጢር የሚባል ነገር የለም። አጠገብህ ማን እንደቆመ ታውቃለህ። ደግሞ ገመዱ ራሱ ያወራል፤ ከላላ ብቻህን ነህ፤ ከከበደና ከተንቀጠቀጠ ብዙ ናችሁ።

ይህን ሥራ ላለፉት አሥራ ዘጠኝ ዓመታት የሠራው ሰው ቆጣሪው ይባላል። ሚስቱም ስትቆጣ እንዲሁ ነው የምትጠራው። እንጀራው ብሩሽ መሥራት ነው። በዚያው አዳራሽ፣ ስብሰባ በሌለባቸው ቀናት፣ ከሃያ ብሩሽ ሠሪዎች ጋር ረጅም ጠረጴዛ ከብቦ ይቀመጣል፤ በተበሳ እንጨት ቀዳዳ ውስጥ የፈረስ ጭራ ጥቅሉን በሽቦ እየሳበ ሲያጠብቅ ይውላል። ሽቦው የሌባ ጣቱን ጎን ሰርስሮ ጉድጓድ አበጅቶበታል። ቆጠራ ሲመጣ ግን ያ ሻካራ እጅ ሌላ እጅ ይሆናል። የሰው እጅ ሁልጊዜ ያስደንቀዋል። አንዱ ይሞቃል፣ አንዱ ይርሳል፤ አንዱ ገመዱን እንደ አውቶቡስ ብረት ጨምድዶ ይይዛል፣ ሌላው ለመሸሽ እንደተዘጋጀ በሁለት ጣት ብቻ ይነካዋል። ሃምሳ ሰው አጠገብ እንዲህ ባለፈ ቁጥር፣ ከሃምሳ መጽሐፍ አንዳንድ ገጽ ያነበበ ይመስለዋል። ለሚስቱ ሊነግራት ይሞክርና ቃል ያጥረዋል። "ግሩም ነው፣ በቃ ግሩም ነው" ብሎ ይቀራል።

የማኅበሩ ሕግ ታዲያ አንድ ነገር አጥብቆ ይከለክላል፤ ቆጣሪ ገመድ አይይዝም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እሱ የግድግዳም የመስኮትም ሰው አልነበረም። ይሄ ደግሞ ተመችቶታል፤ አልዋሽም፣ በጣም ተመችቶታል።

ጠብ የመጣው በአንድ ወረቀት ነው። ያ አዳራሽ፣ ብሩሽ የሚሠራበት፣ ገመድ የሚወጠርበት፣ ለአንድ የዕቃ ማከማቻ ድርጅት ለሃያ ዓመት መተላለፉን የሚገልጽ ውል ተገኘ። ከሥሩ የሊቀመንበሩ ማህተምና የአውራ ጣት አሻራ አለበት። ለአባላቱ የታሰበላቸው ቦታ ከከተማው ዳር፣ ሁለት አውቶቡስ ተቀያይሮ የሚደረስበት፣ የእግረኛ መንገድ ያልተሠራለት መጋዘን ነው። ዓይን ላለው ሰው ይሄ የርቀት ጉዳይ ነው። ቆጣሪው ግን ከቤቱ እስከ አዳራሹ ስምንት መቶ አርባ እርምጃ መሆኑን፣ በሁለት መቶኛው የዳቦ ቤቱ ሽታ እንደሚመጣ፣ በአምስት መቶኛው የተሰበረ የቦይ ክዳን እንዳለ በእግሩ ያውቃል። ይህን ለመማር አንድ ዓመትና ሁለት የተሰበረ ጥርስ ፈጅቶበታል። ሁሉም አባል እንዲህ ያለ የራሱ መንገድ አለው።

ውሉ የሚጸናው በቅዳሜው ምርጫ አሁን ያለው ሊቀመንበር ከቀጠለ ነው። ካልቀጠለ ይቀራል። ነገሩ ይኸው ነው።

ሊቀመንበሩ ያ ገመድ ተሸክሞ የመጣው ሰው ነው፤ መምህሩ። ብሬል ያላስተማረው አባል የለም፤ በትር ይዞ መንገድ ያላሻገረው የለም። ሊተካው የተነሳችው ስልከኛዋ ናት፤ ሠላሳ ዓመት በአንድ ትልቅ ሆስፒታል ስልክ ስታገናኝ የኖረች፣ ድምፅዋ እንደ ደወል የጠራ፣ በስብሰባ ላይ ንግግር ስትጀምር እንኳ "ሃሎ" የሚያመልጣት ሴት። "መምህሩ ሸጠን!" አለች፣ አፏን ሞልታ። ማኅበሩ ለሁለት ተሰነጠቀ። ግማሹ ሸጠን አለ። ግማሹ፣ መምህሩ ክፉ አይሠራም፣ ስለዚህ ወረቀቱ ደግ ነው አለ። ሦስተኛ ነገር ሊኖር እንደሚችል ማንም አላሰበም።

ሦስተኛውን ነገር ማክሰኞ ዕለት ቆጣሪው በእጁ ነካው።

መምህሩ ማክሰኞ ማክሰኞ ወደ ብሩሽ ጠረጴዛው ይመጣል፤ ከቆጣሪው አጠገብ ይቀመጥና እንደ ማንኛውም ሠራተኛ ጭራ ይጎትታል። ያን ቀንም መጣ።

"ሚስትህ ደህና ናት? ያ ወገቧስ ተሻላት?" አለ።

"ተሻላት፣ መምህር፤ እግዜር ይስጥልኝ።"

ጥቂት ሠሩ። "ሚስትህ ደህና ናት? ወገቧስ?" አለ መምህሩ። ቆጣሪው ሳይሰማኝ ቀርቶ ይሆናል ብሎ መልሶ ነገረው። ሦስተኛ ሲጠይቀው እጁ ሽቦው ላይ ቀጥ ብሎ ቀረ።

"መምህር" አለው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "አዳራሹን ለምን ሰጡት?"

"የቱን አዳራሽ?"

"ይሄን የተቀመጥንበትን።"

መምህሩ ከልቡ ሳቀ። "ይሄን? ሰው ቤቱን ይሰጣል እንዴ? ማነው እንዲህ ያለህ? እስቲ ጥራልኝ፣ አሁኑኑ ልጠይቀው!" በድምፁ ውስጥ ቅንጣት ሐሰት አልነበረም። እንዲያውም እንደ ጥንቱ ተቆጥቶ ጠረጴዛውን መታ። ከዚያ ሽቦውን ሳብ ሳብ አደረገ፤ ቀጥሎም በዚያው ፍቅር፣ በዚያው ለዛ፣ "ሚስትህ ደህና ናት?" አለ።

መምህሩ ሲሄድ የተወውን ብሩሽ ቆጣሪው አንስቶ በአውራ ጣቱ ዳበሰው። አንዱ ቀዳዳ ሦስት ጥቅል ጭራ ታጭቆበታል፤ አጠገቡ ያሉት አራት ቀዳዳዎች ባዶ ናቸው። ይህን ብሩሽ የሠራው እጅ ሃያዎቹንም ሥራ ያስተማረ እጅ ነው። ቆጣሪው ብሩሹን በኪሱ ከተተው፤ ሌላ ሰው እንዳይዳብሰው።

ያን ቀን ወደ ቤቱ ሲሄድ ሲያስብ የነበረው ከመምህሩ ጋር የተዋወቀበትን የመጀመሪያውን ቀን ነው። የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት፣ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር፤ የፈነዳ ባትሪ ሁለት ዓይኑን ወሰደበት። እናቱ፣ አክስቶቹ፣ ጎረቤቱ፣ ሐኪሙ ሳይቀር፣ "አይዞህ፣ ይመለሳል" ይሉት ነበር። ዓመት ሙሉ አልጋ ላይ ተጋድሞ እስኪመለስ ጠበቀ። አንድ ቀን በትሩን እያንኳኳ አንድ እንግዳ ገባና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

"ይመለሳል ያለህ ማነው?" አለው።

"ሁሉም።"

"አይመለስም" አለ እንግዳው። "ና ተማር።"

ቆጣሪው በቡጢ ሊመታው ተነስቶ አየሩን መታ። ከዚያ ዓመት ሙሉ ያልወጣው ልቅሶ ወጣለት። መምህሩ እስኪጨርስ ጠብቆ እጁን ያዘና ስድስት ምስማር የተመታበት ቁራጭ ጣውላ ላይ አስቀመጠለት፤ የፊደል ሁሉ መነሻ እነዚያ ስድስት ነጥቦች ናቸውና። በዚያን ቀን ያልዋሸው ሰው እሱ ብቻ ነበር። ቆጣሪው ዛሬም ሲያስበው ያስፈራዋል፤ አንድ ሰው እንዲያ ያለ እውነት ይዞ የማያውቀው ቤት ደጃፍ ለመርገጥ ምን ዓይነት ልብ ይኑረው?

ሐሙስ ዕለት ጸሐፊው መጣበት። ጸሐፊው የመምህሩ ልጅ ባል ነው፤ ዓይናማ ነው፤ የማኅበሩን ወረቀት የሚያነብም የሚጽፍም እሱ ነው። ወንበር ስቦ ተቀመጠና ዝም አለ። ዓይናማ ሰው ዝም ሲል ምን እያየ እንደሆነ ስለማይታወቅ ቆጣሪው አይወድም።

"አውቀሃል፣ አይደል?" አለ በመጨረሻ ጸሐፊው።

"ስንት ጊዜ ሆነው?"

"ሁለት ዓመት። ጠዋት ጠዋት ልጁን 'አንቺ ማነሽ?' ይላታል።" ድምፁ ተሰበረ፤ የእውነት ተሰበረ። "ስማኝ ወንድሜ፣ ውሉን እኔ ነኝ ያመጣሁት። ለማኅበሩ ይበጃል ብዬ ነው፤ ያሻራውን ጣት እኔ ይዤ ነው ያስነካሁት፤ አልክድህም። እሱ ግን በክብር ይሙት። ሊቀመንበር እንደሆነ፣ ሰው ሁሉ እንዳከበረው ይሙት። ከዚያ ወንበር አውርደህ 'ጃጀ' ብታስብለው አንድ ሳምንት አይቆይም። እኔ ካንተ የምፈልገው ምንም አይደለም፤ ሥራህን ሥራ። ቁጠር። ቆጣሪ ሐሳብ የለውም።"

 የሚያሳዝነው ደግሞ ሰውየው የተናገረው ከፍቅር መሆኑ ነው። ክፉ ቢሆን ኖሮ ነገሩ እንዴት በቀለለ ነበር!

በዚያው ዕለት ማታ ስልክ ተደወለ።

"ሃሎ፣ ቆጣሪው" አለች ስልከኛዋ። "አንተ አንድ ነገር ታውቃለህ። ማክሰኞ ሰላም ስልህ ድምፅህ ላይ ነበር። ሠላሳ ዓመት የሰው ድምፅ ሰምቻለሁ፤ እኔን አትሸውደኝም።"

"እኔ ቆጣሪ ነኝ።"

"ይሁን። ቁጠር እንግዲህ!" ጠረቀመችው።

ሚስቱ ከልብስ ስፌት መኪናዋ ቀና አለች፤ የመኪናው ድምፅ ስለቆመ አወቀ። ነገሩን ሁሉ ነገራት። ብሩሹን ከኪሱ አውጥቶ እጇ ላይ አስቀመጠላት። እሷ ዓይናማ ናት፤ አየችው፤ ረጅም ጊዜ አየችው።

"እናስ? ምን ልታደርግ ነው?"

"ምን ላድርግ? ብናገር ሰውየውን በቁሙ እገድለዋለሁ። ዝም ብል ማኅበሩ ሜዳ ላይ ይቀራል። ደግሞ ሕጉ አለ፤ ቆጣሪ..."

"ኤዲያ! ቆጣሪ ቆጣሪ አትበልብኝ!" አለችው። "አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሰው እጅ ስትዳብስ ኖርክ። ያንተን እጅ ማን ነክቶት ያውቃል?"

 መልስ ሳትጠብቅ የስፌት መኪናዋን አስነሳች።

ዓርብ ከሰዓት ከአዳራሹ ጎን ወዳለው የመምህሩ ቤት ሄደ። ፊት ለፊት ሊነግረው፣ እሱ ያኔ እንደነገረው ሊነግረው ቆርጦ ነበር። መምህሩ በደስታ ተቀበለው፤ አጠገቡ አስቀመጠው፤ ስለ ድሮው ጣውላና ስለ ምስማሮቹ አጫወተው፤ እያንዳንዱን ነገር ያለ አንድ ስህተት አስታወሰ። ቆጣሪው ሦስት ጊዜ አፉን ከፈተ፣ ሦስቴም ዘጋው። ሲወጣ በራሱ አፈረ። ስምንት መቶ አርባ የሆነው መንገድ የትየለሌ ሆነበት፤ እርምጃውን መቁጠር ረስቶ የቦይ ክዳኑ ላይ ተሰናከለ።

ቅዳሜ አዳራሹ ሞላ። የመጡት ሃምሳ ሰባት ናቸው፤ ስለዚህ ሃያ ዘጠኝ እጅ የያዘ ያሸንፋል። የብሩሽ ጠረጴዛው ወደ ዳር ተገፍቷል፤ የእንጨት ትቢያና የጭራ ሽታ ግን እንዳለ ነው። መምህሩ ከፊት ተቀምጧል። ስልከኛዋ ተናገረች፤ "ሃሎ" ብላ ጀምራ አሳቀች፣ ቀጥላ ግን ስለ መንገዱ፣ ስለ መጋዘኑ ስትናገር የሚስቅ ጠፋ። ጸሐፊው መልስ ለመስጠት ተነሳ።

"በዚህ ውል አንድ ክፉ ሐሳብ ካለኝ ዓይኔን ግንባር ያድርገው!" አለ።

 "ና ወዲህ፣ እንኳን ደህና መጣህ!" አለ አንዱ ከኋላ። "ወንበር አለ!" ሃምሳ ሰባቱም በሳቅ ፈረሱ። መምህሩ ራሱ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ምስኪኑ ጸሐፊ ምን እንዳለ ገና መረዳቱ ነበር።

ከሳቁ በኋላ ነው የከበደው ነገር የመጣው። "ገመድ ያዙ!" ተባለ። የበትር ኳኳታ፣ የወንበር መጎተት ድምፅ ሆነ። ስልከኛዋ ከአምስት ወዳጆቿ ጋር የመስኮቱን ጫፍ ያዘች። ወደ ግድግዳው ብዙ እግር ሄደ። የቀረው፣ ከሠላሳ የማያንስ ሰው፣ መሐል ላይ ቆሞ ቀረ። ልባቸው ወደ መስኮቱ ነው፤ መምህሩን መካድ ደግሞ ማን ይችላል? ትንሽ ቆይተው በሐፍረት ወደ ግድግዳው እንደሚሄዱ ቆጣሪው በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልምዱ ያውቃል። ሰው እንዲህ ነው፤ የመጀመሪያ መሆን ይፈራል።

ቆጣሪው በሊቀመንበሩ ጎን ቆሟል። የሚጠበቅበት በትሩን ሁለቴ መሬት መትቶ ቆጠራ መጀመር ነው። በኪሱ ያ ብሩሽ አለ። አውራ ጣቱን ባዶዎቹ ቀዳዳዎች ላይ አሳረፈ።  ከዚያ መራመድ ጀመረ።

የቆጣሪው የግራ ጫማ ይጮኻል። ሲጥ፣ ሲጥ ይላል፤ ማኅበሩ በሙሉ ያውቀዋል፤ ስንት ጊዜ ቀልደውበታል። አሁን ያ ጫማ በመሐል አዳራሽ ሲጥ ሲጥ እያለ ሄደ፤ ቆጠራ ወደሚጀመርበት ጫፍ ሳይሆን ወደ ፀሐይዋ።  ስልከኛዋንና አምስቱን አለፋቸው፤ ገመዱን ተከትሎ እስከ መጨረሻው፣ በሩ አጠገብ እስካለው ቋጠሮ ድረስ ሄደ። በእሱና በስድስቱ መካከል ያለው ገመድ ባዶውን ተንሳፈፈ። ያዘው። ጉንጩ ሞቀ።

"ቆጣሪው! ምን ሆንክ?" አለ ጸሐፊው።

"ይዣለሁ።"

"ቆጣሪ ገመድ አይይዝም! ሕግ ነው!"

"ቆጣሪነቴን ትቻለሁ" አለ።  "ከዛሬ ጀምሮ አንድ እጅ ነኝ።"

ለምን እንደያዘ አልተናገረም። ማንም አልጠየቀውም። አንድ በትር ተንኳኳ። ከዚያ ሌላ። ከዚያ ገመዱ ሳብ አለ፤ አንድ ሰው ያዘው። ሌላ ያዘው። ቆጣሪው በሕይወቱ ሙሉ ገመድ ከውጭ ነው የሚያውቀው፤ ከውስጥ ምን እንደሚመስል አያውቅም ነበር። አቤት! በእያንዳንዱ እጅ ገመዱ ክብደት ይጨምራል፤ በመዳፉ ውስጥ ይርገበገባል፤ የሩቁ ሰው ትንፋሽ ሳይቀር በገመዱ ይመጣል። የማያውቀው እንባ ጉንጩ ላይ ወረደ። ለሚስቱ ይህን እንዴት ብሎ ይንገራት?

"እሺ፣ እኔ እቆጥራለሁ" አለ ጸሐፊው። "ከዚህ ሆኜ ይታየኛል።"

ግድግዳውም መስኮቱም በአንድ አፍ ጮኸ። "በዓይን አይቆጠርም!"

"ልክ ናቸው" አለ አንድ ድምፅ ከፊት፣ የረጋ፣ የድሮ። መምህሩ ተነስቷል። "ይህን ነገር የጀመርኩት እኔ ነኝ። ከቆጣሪው በፊት ቆጣሪው እኔ ነበርኩ። እኔ እቆጥራለሁ።"

"አባባ፣ ተው..." አለ ጸሐፊው። ሽማግሌው ግን በትሩን ትቶ ገመዱን ተከትሎ መጣ። ከስልከኛዋ ጀመረ።

"አንድ" አለ። "ስልከኛዋ። እጅሽ በረዶ ሆኗል፤ ፈራሽ እንዴ?"

"ፈራሁ፣ መምህር" አለች። የሠላሳ ዓመት ድምፅዋ ተሰበረ።

"ሁለት። ከረሜላ ሻጩ፤ ይሄ ጥፍርህ ዛሬም አልወጣልህም? ሦስት። ፒያኖ አስተካካዩ። አራት። አንቺ፣ ንባብ ጀምረሽ በሦስተኛው ቀን ጠፍተሽ ልጄን ልኬ ያስመጣሁሽ..."

እግዜር ያሳያችሁ! የገዛ ልጁን "አንቺ ማነሽ?" የሚል ሰው አንድ እጅ አልሳተም። መዳፉን አሳርፎ፣ አንድ አፍታ ቆይቶ፣ የእያንዳንዱን ነገር ይናገራል፤ የተቃጠለበትን፣ የተሰበረበትን፣ የተማረበትን ወር። ሃያና ሠላሳ ዓመት ከዚያ እጅ ውስጥ ፈሰሰ። ከግድግዳው በኩል ያሉት እንኳ እጃቸውን ከገመዱ ላይ ሳያነሱ አንገታቸውን አዘንብለው ያዳምጣሉ። 

"አሥራ ሰባት። ሹራብ ሠሪዋ፤ ልጅሽ ተመረቀ?"

"ተመረቀ፣ መምህር።"

"እሰይ!" ቀጣዩን እጅ ያዘ። ዝም አለ። "ስምንት" አለ። ቀጥሎ፣ "ዘጠኝ"። ቀጥሎ፣ "አሥር"።

 በዚያች ቅጽበት ሃምሳ ስድስት ሰው፣ ማንም ሳይነግረው፣ ሁሉን ነገር አወቀ። ስልከኛዋ "ሸጠን" ያለችውን አስባ "ውይ" የሚል ድምፅ አወጣች፤ አፏን በእጇ ስትከድን ተሰማ።

"ደክሞታል፣ በቃው!" አለ ጸሐፊው፤ እያለቀሰ ነበር።

"ሃያ!" አለ ቆጣሪው ከገመዱ መጨረሻ፣ ጮክ ብሎ፣ እንደ ሁልጊዜው።

በመምህሩ መዳፍ ሥር ያለው ሰው ወዲያው ገባው። "ሃያ ነኝ፣ መምህር" አለ።

"ሃያ" አለ መምህሩ።

"ሃያ አንድ ነኝ" አለ ቀጣዩ፣ መዳፉ ገና ሳያርፍበት። "ሃያ ሁለት ነኝ።" እንዲህ ሆኖ ቀጠለ፤ እሱ እጁን ያውቃል፣ እነሱ ቁጥሩን ይይዙለታል። ከወንበሩ ሊያወርዱት የቆሙት ሰዎች ቆጠራውን እንዳይስት ደግፈው ወሰዱት። ሃያ ዘጠኝ የደረሰባት ሴት ቁጥሯን ተናገረች፤ ማንም አላጨበጨበም። ሠላሳ። ሠላሳ አንድ። እርምጃው ወደ ቆጣሪው እየቀረበ መጣ።

"ሠላሳ ሰባት ነኝ" አለ ቆጣሪው።

መዳፉ አረፈበት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሰው እጅ ሲነካ፣ በገመድ ላይ እሱን የነካው የመጀመሪያው እጅ ይህ ነው። ለስላሳ ነው፤ ቀሎ ወረቀት ሆኗል። ጣቶቹ የሽቦውን ጉድጓድ አገኙና እዚያ ላይ ቆሙ።

"በቡጢ ልትመታኝ የነበርከው!" አለ መምህሩ።

"እኔ ነኝ፣ መምህር።"

ሽማግሌው ፈገግ ሲል ተሰማው። ከዚያ ፈገግታው ሄደ፤ ጎንበስ ብሎ በጆሮው ጠየቀው፤ አዳራሹ ግን ጆሮ ብቻ ነውና ሁሉም ሰማ። "ልጄ፣ ዛሬ የምንመርጠው ምንድን ነው?"

ሊዋሸው ይችል ነበር። ማንም አይፈርድበትም። ቆጣሪው የዚያን አልጋ ጫፍ አሰበ።

"በእርስዎ ቦታ የሚቀመጥ ሰው ነው፣ መምህር።"

"ለምን? ምን አጠፋሁ?"

"ምንም አላጠፉም። እየረሱ ነው።"

 የመምህሩ ትንፋሽ ቆጣሪው ፊት ላይ መጣ፣ ሄደ፣ መጣ።

"ሰዉ ምን ይላል? ይመለሳል ይላሉ?"

"ይላሉ።"

"አንተስ?"

"አይመለስም፣ መምህር" አለ ቆጣሪው።

መዳፉ ከእጁ ላይ ተነሳ። ቆጣሪው መምህሩ ትቶት የሄደ መሰለው። የሽማግሌው እጅ ግን ገመዱን እየዳበሰ በእሱና በቋጠሮው መካከል የቀረችውን አንድ ስንዝር ቦታ አገኘ፤ እዚያ ላይ ጠበቅ አድርጎ ያዘ። ገመዱ እስከ ስልከኛዋ ድረስ ተንቀጠቀጠ።

"ቁጠረኛ!" አለ መምህሩ።

ቆጣሪው ግራ እጁን ከገመዱ ሳያነሳ ቀኙን ዘርግቶ በሽማግሌው እጅ ላይ አሳረፈ።

"ሠላሳ ስምንት" አለ፤ አዳራሹ እንዲሰማ ጮክ ብሎ።